ሰባቱ ጠገራ ብሮች፦ 1780 የሚለው ቁጥር ዕድሜያቸው አይደለም

ጥያቄ፦ «አያታችን የየጁቤ ሰው ነበሩ። እናታችን ካረፈች በኋላ ሣጥኗን ስንከፍት በቆዳ ከረጢት የተቋጠሩ ሰባት ጠገራ ብሮች አገኘን። ስድስቱ የሴት ምስል ያለባቸውና 1780 የተጻፈባቸው ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ጆሮ ተበይዶለት አንገት ላይ ይንጠለጠል የነበረ ነው። ሰባተኛው ዘውድ የደፋ ንጉሥና አንበሳ አለበት። ታላቅ ወንድሜ ‹ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በላይ ስለሆናቸው ዋጋቸው ቤት ይሠራል› ይላል። ደብረ ማርቆስ ያሳየነው አንጥረኛ ደግሞ ንጹሕ ብር ስላልሆኑ ቀልጠው በግራም ቢሸጡ ይሻላል አለን። ባለ አንበሳውን ሐሰተኛ ነው ያለንም ሰው አለ። እናታችን በሕይወት ሳለች አንዳንድ ጊዜ ‹የባሶ ብር›፣ ሌላ ጊዜ ‹የአርበኝነት ዘመን ብር› ትላቸው ነበር። የትኛው እውነት ነው? ምንስ እናድርጋቸው?»

መልስ፦ አስቀድሞ መታረም ያለበት የወንድምዎ ስሌት ነው። 1780 የሚለው ቁጥር ብሩ የተቀረጸበትን ዓመት አያመለክትም። በምስሉ ላይ የምትታየው ሴት የኦስትሪያዋ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ ስትሆን፣ ያረፈችው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1780 ነው። ስሟንና መልኳን የያዘው ብር ግን ከእርሷ ጋር አልሞተም። በቀይ ባሕር ዳርቻና በእኛ አገር ያሉ ነጋዴዎች የለመዱትን መልክ እንጂ ሌላ ስለማይቀበሉ፣ ገንዘብ ቀራጮቹ የመጨረሻውን ቅርጽ ዓመተ ምሕረቱን እንኳ ሳይለውጡ ደጋግመው መምታት ቀጠሉ። በቪየና፣ በፕራግ፣ በሚላንና በቬኒስ ተመታ፤ በሃያኛው ምእተ ዓመት ደግሞ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በበርሚንግሃም ተመታ፤ ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። በጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን በላይ የተቀረጸ ሲሆን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከንግሥቲቱ ምስል ሥር ኤስ እና ኤፍ የተባሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ይዟል። ፊደላቱ ጉንዝቡርግ በተባለችው ከተማ የነበሩት የሁለት ገንዘብ ቀራጮች የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው፤ ቦምቤይ ውስጥ በ1940 የተመታው ብር ሳይቀር እነርሱኑ ተሸክሟል። ስለዚህ በእጅዎ ያሉት ስድስቱ በአፄ ተክለ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ ዘመን ሊመቱ ይችላሉ፤ አያትዎ ጎልማሳ ሳሉም ሊመቱ ይችላሉ። ቁጥሩን ብቻ አይቶ ዕድሜ የሚቆጥርልዎ ሰው ቢመጣ፣ ገዢም ይሁን ሻጭ፣ አትመኑት።

ይህች የባዕድ ንግሥት ጎጃም ድረስ እንዴት ዘለቀች? ለኢትዮጵያ ታስቦ የተቀረጸ ብር ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እንዲያ አይደለም። መንገድ የከፈተለት ቡና ነው። የአውሮፓ ነጋዴዎች ከየመን ቡና ሲገዙ የዚያ አገር ሰው የሚሻው ከእነርሱ ሸቀጥ ይልቅ ብር ነበር፤ ብሩ ባሕሩን ተሻግሮ ምጽዋ ሲደርስ ደግሞ ወደ ደጋው የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ተረከበው። በተወለደበት አገር በኦስትሪያ ሕጋዊ መገበያያነቱ ከቀረ በኋላ እንኳ እዚህ ሙሉ ገንዘብ ሆኖ ኖረ። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ ከሺሕ እጅ 833ቱ ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው፤ ይህም ልክ ከዓመት ዓመት አልተናጋም። ጠርዙ ላይ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል የላቲን ቃል ጎልቶ ስለተጻፈ፣ ከዳር ፍቆ ብር የሚሰርቅ ሰው ወዲያው ይታወቅበታል። ሥዕሉም ረቂቅ በመሆኑ አስመስሎ ለመሥራት ያስቸግራል።

አገሬው ብሩን የሚፈትንበት መንገድ ነበረው። አያቴ ደምበጫ ላይ ያደርጉት የነበረውን ዛሬም ከዓይኔ አላጠፋውም፤ ብሩን በሁለት ጣት ይዘው ወፍጮው ድንጋይ ላይ ጠብ ያደርጉትና ጆሮአቸውን ያዘነብላሉ። ድምፁ ረዘም ብሎ ከዘለቀ ይቀጥላሉ፤ ከደነዘዘ ለባለቤቱ ይመልሱለታል። ቀጥሎ በአውራ ጣታቸው ጥፍር የንግሥቲቱን ትከሻ ይዳስሳሉ። ትከሻዋ ላይ ያለውን ክብ ጌጥ ዘጠኝ የዕንቁ ነጠብጣቦች ከበውታል፤ አያቴ ፊደል የማይቆጥሩ ሴት ሲሆኑ ዕንቁዎቹን ግን አንድ በአንድ ይቆጥሩ ነበር። ከነጠብጣቦቹ አንዱ በልቶ ከጠፋ፣ ብሩ ክብደቱ ባይጎድልም ገበያ ላይ ክርክር ያስነሣል። ይህን የማነሣው እርስዎም ዕንቁ ቆጥረው «ይህኛው እውነተኛ፣ ያኛው ሐሰተኛ» እንዳይሉ ለማስጠንቀቅ ጭምር ነው። የማተሚያ ቅርጾቹ በየጊዜው ስለተለዋወጡ በነጠብጣቦቹ አቀማመጥ ላይ ጥቃቅን ልዩነት አለ፤ የድሮው የገበያ ልማድ ዛሬ ለማስረጃ አይበቃም።

አንድ ሌላ የተሳሳተ አስተሳሰብም አለ። በጥንት ጊዜ ሰው ሁሉ በጠገራ ብር ይገበያይ ነበር ብለን እናስባለን። አንድ ጠገራ ብር ግን በርበሬና ጌሾ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረም፤ ለዚያ እጅግ ትልቅ ነው። የዕለት ገበያው የሚካሄደው በአሞሌ ነበር። አሞሌ ከአፋር የጨው ሜዳ ተፈልፍሎ፣ እንደ መሳያ ድንጋይ ተጠርቦ፣ በልጥ ታስሮ፣ በግመል እስከ ደጋው አፋፍ፣ ከዚያም በበቅሎና በአህያ የሚጓዝ ጨው ነው። በየኬላው ቀረጥ ይከፈልበታል፤ በየመንገዱ ይሰበራል፤ ዝናብ ካገኘው ይሟሟል። ስለዚህ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይወደዳል፤ በአንድ ብር የሚመነዘረው የአሞሌ ብዛት ትግራይ ላይ ብዙ ሲሆን ጎጃም ሲደርስ ያንሳል፣ ዐባይን ሲሻገር ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። ክረምት ገብቶ ወንዝ ሲሞላም ምንዛሬው ይለወጣል። የተሰበረ አሞሌ ዋጋው ይቀንሳል እንጂ አይጣልም፤ ወጥ ውስጥ ይገባል። መገበያያው አርጅቶ ሲሰበር የሚበላበት ዘመን ነበር ማለት ነው። ከዐድዋ ወዲህ ባለው ጊዜ ደግሞ የውጅግራ ጠመንጃ ጥይት እንኳ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር።

ጠገራው የሚወጣው ለትልቅ ጉዳይ ነው። በቅሎ ሲገዛ፣ ጠመንጃ ሲገዛ፣ ጥሎሽ ሲቆረጥ፣ የርስት ሙግት ሲቋጭ፣ ግብር በብር ሲጠየቅ፣ ለደብር ስእለት ሲገባ ይወጣል። ሌላውን ጊዜ ከመሬት በታች በገንቦ ወይም በሣጥን ጥግ ተኝቶ ይኖራል። ስለዚህ ሰባት ብር ለአንድ የገጠር ቤት ተራ ነገር አልነበረም፤ የዓመታት ጥሪት ነው።

የጁቤን ስላነሡ ስለ ባሶ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ባሶ ከየጁቤ አጠገብ የነበረ ገበያ ሲሆን፣ በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት ከዐባይ በስተ ሰሜን ካሉት ትላልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም የቆየው እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ከደቡብ፣ በጉዱሩ በኩል ዐባይን ተሻግሮ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣል፤ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ፣ ጨርቅ፣ ዶቃና ጠገራ ብር ይወርዳል። ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ከባሶ በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋና እስከ መተማ የተነዱት ባሪያዎች የተገዙትና የተሸጡት በዚሁ ብርና በዚሁ ጨው ነው። በብዙ ቤት ስለ አያት ጠገራ ብር ሲነገር የሚነሣው በቅሎውና ጥሎሹ ብቻ ነው፤ ብሩ ግን ሁሉንም አይቷል። ነጋዶቹ በአብዛኛው እስላሞች ሲሆኑ በነጋድራስ ይመራሉ፤ ባላባቱ ደግሞ ከኬላው ቀረጥ ይኖራል። የጎጃም መሳፍንት ኃይል ከመሬቱ ግብር ብቻ ሳይሆን ከዚህ መሻገሪያ ጭምር የመጣ ነበር።

በ1873 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በዓመቱ፣ በ1874 ዓ.ም.፣ ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር እምባቦ ላይ የተዋጉት ለዘውድ ክብር ብቻ አልነበረም፤ የደቡብ ምዕራቡን ንግድ ማን ይይዛል የሚለውም ጥያቄ ነበር። ጎጃም ተሸነፈ፤ ንጉሡም ተማረኩ፤ ቡናውና ዝሆን ጥርሱም ቀስ በቀስ ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ። የባሶ መደብዘዝ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ «የባሶ ብር» የሚለው የእናትዎ ቃል ባዶ አይደለም፤ በየጁቤ ያለ ቤት ብር ለማግኘት ከገበያው ቀረብ ያለ ምንጭ አልነበረውም።

ባለ አንበሳው ሐሰተኛ አይደለም፤ የአፄ ምኒልክ ብር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ፓሪስ ውስጥ የተቀረጸ ሲሆን፣ ክብደቱ ከማሪያ ቴሬዛው ጋር እኩል እንዲሆን ሆን ተብሎ ተሠርቷል። ዓመተ ምሕረቱ በግዕዝ ቁጥር ስለተጻፈ በጥንቃቄ ያንብቡት፤ ፲፰፻፹፯ ካለ 1887 ማለት ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩ እውነተኛ ዘመን ይናገራል። ንጉሠ ነገሥቱ አላድ፣ ሩብና ተሙን የተባሉ ዝርዝሮችንም አስቀርጸው ነበር። ነገር ግን የገጠሩ ሰው የራሱን ንጉሥ ገንዘብ ትቶ የሞተችውን የባዕድ ንግሥት መረጠ፤ በየገበያውም የምኒልኩን ብር ቀንሶ የሚቀበል ሞላ። ይህ የአገር ፍቅር ማነስ ተደርጎ አንዳንድ ጊዜ ይወቀሳል፤ ወቀሳው ፍትሐዊ አይመስለኝም። ገበሬው የሚያምነው አባቱ የፈተነውን ነው፤ አዲስ ቅርጽ ሲመጣ ድምፁንም ጠርዙንም አያውቀውም። ለዚህም ነው በገጠር ሣጥን ውስጥ የምኒልክ ብር ከማሪያ ቴሬዛው አንሶ የሚገኘው፤ ወንድምዎ የተለየ ዋጋ ከፈለጉ ከሰባቱ መካከል በቅድሚያ ሊመረመር የሚገባውም እርሱ ነው።

ወደ «አርበኝነት ዘመን ብር» ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1935 ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብላ ሮም ላይ ጠገራ ብር መምታት ጀመረች፤ ያለዚህ ብር በደጋው ሰንጋም እህልም እንደማይገዛ ታውቅ ነበርና። ብሪታንያም በበኩሏ ለንደን ላይ መምታት ጀመረች። ሊሬን በግድ ለማስለመድ ቢሞከርም ገበሬው ከወረቀቱ ሸሸ። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. የእንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ተልእኮ ከሱዳን ወደ ጎጃም ሲገባ፣ ከዚያም የዊንጌት ጦር ሲከተል፣ በግመል ከተጫነው ጓዝ አንዱ ሣጥን ሙሉ ጠገራ ብር ነበር። ለስንቅ፣ ለአጋሰስና ለተዋጊ የሚከፈለው በእርሱ ነው። በዚያው ጊዜ ቦምቤይ ላይ ለዚሁ ጦርነት ብር በገፍ ተመታ፤ በሮምም በቦምቤይም በየበኩላቸው የተመታው ከ18 ሚሊዮን በላይ ነው። ጃንሆይ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ጎጃም ውስጥ የነበረው ጠገራ ብር፣ የነጋዴው፣ የጣሊያንና የእንግሊዝ፣ በአንድ ገበያ ተቀላቅሎ ነበር፤ ሁሉም 1780 ይላል። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ጠገራው ሕጋዊ ቦታውን ለቀቀ፤ ስሙን ግን አወረሰ። የውጭ ሰዎች ለሠላሳ ዓመት ያህል «የኢትዮጵያ ዶላር» ያሉትን ወረቀት እኛ ከመጀመሪያውም ያልነው ብር ነው።

እንግዲህ የእናትዎ ሁለት ቃላት እርስ በርሳቸው አይጣሉም። በአንድ ከረጢት ውስጥ የባሶ ዘመንም የአርበኝነት ዘመንም ብር አብሮ ሊኖር ይችላል፤ እንዲያውም ለየጁቤ ቤት ይህ የተለመደ ነገር ነው። የትኛው የት እንደተመታ የሚለየው በብሩ ጀርባ ባለው ንስር ጅራት ላባዎች፣ በንግሥቲቱ ጌጥና በፊደላቱ ቅርጽ ባሉ ጥቃቅን ልዩነቶች ሲሆን፣ ይህ በማጉያ መነጽርና ከተመዘገቡ ናሙናዎች ጋር በማነጻጸር የሚሠራ ሥራ ነው። በስልክ ከተነሣ ፎቶ ብቻ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው አይኖርም፤ የበለጠ ያረጀ ብር ላይ ደግሞ ልዩነቶቹ ራሳቸው ይጠፋሉ።

አንጥረኛው «ንጹሕ ብር አይደለም» ማለታቸው እውነት ነው፤ የሰጡት ምክር ግን ከእውነቱ አይከተልም። መዳቡ የተጨመረው ሲቀረጽ ጀምሮ ነው፤ ማጭበርበር አይደለም። በእናቶቻችን አንገት ያለው የብር መስቀል፣ ድሪው፣ አምባሩና አልቦው አብዛኛው ከዚሁ ጠገራ ቀልጦ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ሙያተኛው ብሩን ጥሬ ዕቃ አድርገው ቢያዩት አይደንቅም። ለእርስዎ የሚጠቅመው ሒሳብ ይህ ነው፦ አንድ ያልተነካ ጠገራ ብር 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ይዟል፤ ስድስቱ በአንድነት 140 ግራም ገደማ ይሆናሉ። ይህን በዕለቱ የአንድ ግራም ንጹሕ ብር ዋጋ ቢያባዙት ሊወርዱበት የማይገባውን ወለል ያገኛሉ። ወንድምዎ የተመኙት ቤት ከዚህ አይወጣም፤ የ1780 ብር በዓለም ላይ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ነውና።

እውነተኛነታቸውን ቤት ውስጥ መመርመር ይቻላል። ግራም በነጥብ የሚለይ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ብሩን በቀጭን ክር አስረው የብርጭቆውን ወለልም ግድግዳም ሳይነካ ውኃው ውስጥ ይሰውሩት። ሚዛኑ ወደ 2.75 ግራም የሚጠጋ ቁጥር ካሳየ ቅይጡ ትክክል ነው፤ ከ3 ግራም በእጅጉ ካለፈ ሌላ ብረት ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ ያሳዩት። ጆሮ የተበየደለት ብር ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ ብየዳው ክብደቱንም መጠኑንም ለውጦታል።

ማስጠንቀቂያዬ ሦስት ነው፤ ሦስቱም የማይመለስ ጥፋት ስለሚያስከትሉ ነው። በአመድና በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና ወይም በሌላ ማሻሻ አታጽዱዋቸው፤ ጥቁረቱ የብሩ ቆዳ ነው፣ ከተፈገፈገ ሰብሳቢም ተመራማሪም ይሸሸዋል። ጆሮውን አታስነቅሉት፤ ለሰብሳቢ ዋጋ ይቀንስ ይሆናል፣ ነገር ግን አንዲት ሴት ያንን ብር አንገቷ ላይ አስራው እንደኖረች የቀረው ማስረጃ እርሱ ብቻ ነው። ከአገር ውጭ ላለ ገዢም በሰው እጅ አትላኩ፤ በቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ስለማይወጣ፣ በመጀመሪያ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ አንዱንም አታቅልጡ፤ ዘንድሮም አንዱንም አትሽጡ። የምኒልኩና ባለ ጆሮው ከቤት መውጣት የለባቸውም። ችግር ቢያስገድዳችሁ ሊሸጥ የሚችለው ከቀሩት አምስቱ ነው፤ እርሱም ሁሉም በሁለቱም ፊትና በጠርዙ ፎቶ ከተነሣ፣ ክብደቱ ከተጻፈና ከላይ ባለው ሒሳብ ወለሉ ከታወቀ በኋላ ይሁን። ዘንድሮ መደረግ ያለበት ግን ሌላ ነው፤ የእናትዎን እኩዮች ጠይቁ፣ በየጁቤ በሕይወት ያሉት እየቀነሱ ነውና። «መቼ ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ዓመት የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ብሩን እጃቸው ላይ አኑሩላቸውና ማን እንደሰጠ፣ ምን ሊገዛበት እንደነበር፣ ለግብር ይሁን ለጥሎሽ፣ ጣሊያን ሲመጣ የት እንደተደበቀ ጠይቁ። የነገሩዋችሁንም በቃላቸው ጻፉ። ከረጢቱንም አትጣሉት፣ አታጥቡትም፤ በስፌቱ ውስጥ አፈር ከተገኘ ብሮቹ አንድ ወቅት ተቀብረው እንደነበር የሚመሰክረው እርሱ ነው።